ጋዲሴ የአማቷን ስም የጠራች ዕለት

ጋዲሴ አመዩ አርባ ሦስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ የባሏን አባት ስም ከአፏ አውጥታ አታውቅም ነበር። ረስታው አይደለም፤ ጠልታውም አይደለም። እሷ ተወልዳ በተዳረችበት በወለጋ ገጠር ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ላጉ ይሉታል። ልጅ እናቱን በስሟ መጥራት እንደሚከብደው ያለ ነው፤ ግን ከዚያም ይጠብቃል።

አማቷ ደቻሳ ሮባ ይባላሉ። በጉልምስናቸው የሚኮሩበት ዳማ ፈረስ ነበራቸውና አገሩ ሁሉ "አባ ዳማ" ይላቸዋል። ጋዲሴ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ተድራ ስትመጣ ይህ የፈረስ ስም ከጭንቅ አወጣት። ያስቸገራት የአማቷ አባት ስም ነበር። ሮባ በኦሮምኛ ዝናብ ማለት ነው። የእሱም ስም ለምራት እንደማይጠራ ስለተነገራት፣ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ዝናብን በስሙ ጠርታ አታውቅም። "የሰማይ ውሃ" ትላለች። ክረምት ሲገባ የጎረቤት ልጆች ደጇ ላይ ተሰብስበው፣

"ጋዲሴ! ያ ከተራራው ላይ የሚመጣው ምንድን ነው?" ይሏታል።

"የሰማይ ውሃ ነው! ቁሙና ጠብቁት፣ እሱ ራሱ ስሙን ይነግራችኋል!" ብላ ትመልሳለች።

አባ ዳማ ከደጅ ሆነው ይህን ሲሰሙ ጢማቸውን ጨብጠው ይስቃሉ።

በእሷ ዕድሜ ያሉ ምራቶች አብዛኞቹ ልጅ ወልደው ጎጆ ሲለዩ ላጉውን እያላሉት መጡ። ጋዲሴ ግን አላላላችውም። ምክንያት ነበራት።

ከተዳረች ስምንት ዓመት ሆኗት ልጅ አልወለደችም። አንድ እሑድ የባሏ የፈይሳ አጎቶች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሰብስበው መጡ። "ልጁ ሌላ ያግባ፤ ይህችን ወደ አባቷ ቤት እንሸኛት" አሉ። ጋዲሴ ጓዳ ሆና እያንዳንዷን ቃል ትሰማለች። የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። አባ ዳማ ሁሉንም እስኪጨርሱ ጠብቀው፣

"ከብት ልትገበያዩ ነው የመጣችሁት?" አሉ። "ፈይሳ ልጄ ነው። ጋዲሴም ልጄ ናት። ከሁለት ልጆቼ አንዷን አውጥቼ ልጣል?"

"አባ ዳማ፣ ዘር እኮ ነው..." አለ አንደኛው።

"ዘሩን እግዜር ያውቅበታል። እናንተ ጠላችሁን ጠጡና ሂዱ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን ያነሳ ሰው የለም። ፈይሳ በኋላ በሳንባ ምች ታሞ ሲሞትም፣ "እንግዲህ ጋዲሴ ምን ትሠራለች እዚህ?" ያለ አልነበረም። አማትና ምራት በአንድ ጣራ ሥር፣ አንድ እሳት እየሞቁ ቀሩ። ጋዲሴ ለዚያ እሑድ የምትከፍለው ሌላ ነገር አልነበራትም። ወርቅ የላት፣ ልጅ የላት። ያላት አፏ ነበርና እሱን ጠበቀችላቸው። ስማቸውን የምጠራው አንድ ቀን ነው ብላ በልቧ ይዛ ነበር፤ እሳቸው ሞተው፣ ሙሾ አውራጇ ፊት ቆማ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓ.ም. ሰኔ ላይ ግን መንደሯ ተኩስ ገባ። ከወንዙ ወዲያም ከወንዙ ወዲህም ይተኮሳል፤ በመካከል የቀረው ገበሬ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ የታችኛው ሰፈር ነደደ። ጋዲሴ አባ ዳማን በጎረቤት በቅሎ ጭና፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ቅል ውሃ ይዛ ወጣች። መታወቂያ፣ የመሬት ደብተር፣ የፈይሳ ፎቶግራፍ፣ ሁሉም ከሣር ቤቱ ጋር ቀረ። የመንደሩ ሰው እንደ ተበተነ ጤፍ ሆነ። እኩሌታው ወደ ነቀምቴ፣ እኩሌታው ወደ ጫካ ሄደ። እነሱ በአይሱዙ ተጭነው ጌዶ ደረሱ።

ጌዶ ላይ ከመኪናው ሲያወርዷቸው አባ ዳማ ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። "ድካም ነው" አለች ጋዲሴ። ውሃ ስትሰጣቸው ውሃው በከንፈራቸው ጥግ ፈሰሰ። ሊናገሩ ሞከሩ፤ የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። በጤና ጣቢያው ነርሷ ደማቸውን ለክታ ራሷን ነቀነቀች። ግፊት ነው፤ አንዱ ጎናቸው ተመትቷል፤ መድኃኒቱን አንድም ቀን እንዳያቋርጡ፤ ቢደግማቸው አይነሱም። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ነገረቻት። ጋዲሴ ሦስቱንም ጊዜ "ተመስገን" አለች፤ ነርሷ ያልገባት መስሏት ለአራተኛ ጊዜ ነገረቻት። ለጋዲሴ ግን ገብቷታል። አልሞቱም ማለት ነው።

ከጌዶ ወደ አምቦ አመጧቸው። መጠለያው ከከተማው ዳር ያለ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው፤ በውስጡ መቶ ያህል ቤተሰብ በሸራና በአንሶላ ተከፋፍሎ ይኖራል። በገቡ በማግሥቱ መዝጋቢ መጣ። ኢዮሲያስ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ትሑት፣ ፊቱ ገና ልጅነት ያልለቀቀው ወጣት ነው። ኦሮምኛው ከ"አከም ጅርቱ" ሰላምታ አያልፍም፤ የጋዲሴ አማርኛም የገበያ አማርኛ ነበር። አስተርጓሚው በሌላኛው ሰልፍ ተይዟል።

"የአባወራው ስም ማን ነው፣ እናቴ?"

"አባ ዳማ።"

"የአባታቸው ስም?"

ጋዲሴ የራሷን አባት የተጠየቀች መሰላት። የእሳቸውን ትጠየቃለች ብላ አላሰበችም፤ ምራት እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቃ አታውቅምና። "አመዩ" አለች።

"አንቺ ምናቸው ነሽ?"

ጋዲሴ ያንን እሑድ አስታወሰች። "ልጃቸው ነኝ።"

ኢዮሲያስ "አባዳማ አመዩ፤ የቤተሰብ ብዛት ሁለት፤ ልጅ ጋዲሴ አባዳማ" ብሎ ጻፈ፤ ፊደል ስለማታውቅ አውራ ጣቷን ቀለም ነክሮ አስፈረማት፤ ካርድ ሰጣት። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አላታለለም። ካርዱ ላይ የተጻፈው ሰው ግን በምድር ላይ አልነበረም።

በዚያ ካርድ ስምንት ወር ኖሩ። ስንዴ፣ ክክና ዘይት በየወሩ፣ አንዳንዴም በየሁለት ወሩ ይመጣል። ከስንዴው የሚበልጠው ግን ሌላ ነበር፤ ካርዱን ያሳየ ተፈናቃይ በጤና ጣቢያው በነፃ ይታከማል፣ የአባ ዳማ የግፊት መድኃኒትም በዚያው ይሰጣል። ጋዲሴ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልላ ከአንገቷ ማተብ ጋር አሰረችው።

መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ያላት ውባየሁ የምትባል የአምቦ ሴት ነበረች። የእመቤታችን የጽዋ ማኅበርተኛ ናት፤ ማኅበሯ ለመጠለያው ዳቦ ይዞ የመጣ ቀን ጋዲሴ ሽማግሌውን ስታጎርስ አይታ፣ "ነገ ነዪና ዕቃ እጠቢልኝ" አለቻት። ጋዲሴ ጠዋት ዕቃ ታጥባለች፤ ሽንኩርት በሚነሳበት ጊዜ ጉደር ወርዳ በቀን ሥራ ታነሳለች፤ ወደ ማታ ተመልሳ የአባ ዳማን የማይታዘዝ እጅ በቅቤ ታሻለች። በስድስተኛው ወር አባ ዳማ ተደግፈው መቀመጥ ጀመሩ። ቀኝ አውራ ጣታቸው ተንቀሳቀሰ። መናገር ግን አልመጣላቸውም።

በዚህ መካከል ለመጠለያው ኮሚቴ ሰብሳቢ ተመረጠ። ኦቦ ሌንጂሳ ከሌላ ወረዳ የተፈናቀለ የቀድሞ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ ቀልዱ የማያልቅ፣ ድምፁ ያለ ድምፅ ማጉያ ገበያ የሚበትን ሰው። አንድ ቀን ስንዴ ሲከፋፈል የጋዲሴን ካርድ አንብቦ ቆመ።

"አዴ ጋዲሴ፣ እኚህ ሽማግሌ አማትሽ ናቸው ብለሽኝ አልነበር?"

"ናቸው።"

"በካርዱ መሠረት ግን የአባትሽ የአመዩ ልጅ ናቸው። ወንድምሽን ነው እንዴ በጀርባሽ የምታዝዪው?"

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ጋዲሴም ሳቀች። አባ ዳማም ነገሩ ሲነገራቸው በግራ ከንፈራቸው ሳቁ። "ቢሮ ሄደሽ አስተካክይው" አላት ኦቦ ሌንጂሳ። ለማስተካከል ግን ትክክለኛውን መናገር ያስፈልጋል። ጋዲሴ "እሺ" አለች፤ ተወችው። ስንዴው ይመጣ የለ? መድኃኒቱ ይሰጥ የለ?

የካቲት ላይ ማጣራት የሚባል ነገር መጣ። በአንዳንድ ቦታ የሌለ ሰው እየተመዘገበ እህል ይወጣል ተብሏልና፣ ከየወረዳው ለማዳበሪያ የተመዘገቡ አባወራዎች ዝርዝር ከዞን ተሰብስቦ ከካርዱ ጋር ሊመሳከር ነው። ስሙ በሁለቱም ያለ ይቀጥላል፤ የሌለ ይሰረዛል። ሰኞ ጠዋት ኦቦ ሌንጂሳ የመጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ ለፈፈ፦

"ስሙ የተሳሳተ ሰው ዛሬና ነገ ወደ ቢሮው መስኮት ይምጣ! ትክክለኛውን ስም በአፉ ይናገራል፤ እነሱ የያዙትን ዝርዝር ያያሉ፤ ከተገኘ ይታረማል። ረቡዕ ጠዋት ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ያን ጊዜ ሁሉም አንብቦ 'የእኔ ነው' ስለሚል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይሰማም! ሰማችሁ? ዛሬና ነገ!"

ጋዲሴ ሰማች። ሰኞ ሄዳ ተሰለፈች። ከፊቷ ስድስት ሰው ሲቀር ውሃ ልጠጣ ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ማክሰኞ ጠዋት ደግማ ሄደች። መስኮቱ ጋ ደረሰች። ኢዮሲያስ ቀና ብሎ፣

"እናቴ፣ አወቅሁሽ። የአባትሽ ትክክለኛ ስም ማን ነው?" አላት።

"አማቴ ናቸው" አለች።

"እሺ፣ አማትሽ። ስማቸው?"

አፏን ከፈተች። ሃያ ስድስት ዓመት የተዘጋ በር ነው፤ ማጠፊያው ዝጓል። ከኋላዋ ያለ ሰው "ኧረ ፍጠኚ፣ ፀሐይ ገደለን!" ሲል ሰማች። ካርዷን ከመስኮቱ አንስታ ዞራ ሄደች።

ኦቦ ሌንጂሳ አይቷት ተከተላት። ልማዱን ያውቀዋል፤ የገዛ ሚስቱም አባቱን "ያ ትልቁ" እያለች ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው።

"ላጉ ነው?" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

ራሷን ነቀነቀች።

"ሽማግሌው አይናገሩ፣ ከመንደርሽ እዚህ ሰው የለ።" ጢሙን አከከ። "ለእኔ ንገሪኝና እኔ ልናገርልሽ?"

"ለእርስዎ ብናገርስ ያው መናገር አይደል?"

"ነው።" ትንሽ አሰበና ዓይኑ በራ። "ቆይ፣ ከላይ የሚወርደውን፣ ሰኔ ላይ የሚመጣውን ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው?"

"የሰማይ ውሃ። የአባታቸው ስም ስለሆነ ነው።"

"አገኘሁት! የአባታቸው ስም ሮባ ነው!" ብሎ እየሮጠ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከደቂቃዎች በኋላ ትከሻው ወርዶ ተመለሰ። "ከእናንተ ወረዳ ብቻ የአባቱ ስም ሮባ የሆነ ሃያ ሁለት አባወራ አለ። 'የሽማግሌውን ከነገረችን እንቀበላለን' ብለዋል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። አንድ ቃል ነው የቀረሽ፣ አዴ ጋዲሴ።"

ያን አንድ ቃል ይዛ ወደ ውባየሁ ምግብ ቤት ሄደች። ሳህን እያጠበች ነገሩን ሁሉ ነገረቻት። ውባየሁ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች።

"ስም እኮ ነው፣ ጋዲሴዬ። ስም ሊጠሩበት አይደል የሚወጣው?"

"ለሰው ነው የወጣው። ለእኔ አልወጣም።"

"ነፍስ ለማዳን ነው። እግዜር ይህን አይቆጥርብሽም።"

"እግዜርማ አይቆጥርብኝም፣ እትዬ። አባ ዳማስ?"

ውባየሁ እጇን በጨርቅ ጠረገች። ያንን እሑድ፣ አጎቶቹን፣ "ልጄ ናት" የተባለበትን ቀን ጋዲሴ ብዙ ጊዜ ነግራታለች። "እንዲያው ሄደሽ ጠይቂያቸው" አለች በመጨረሻ። "ፈቃዳቸውን ጠይቂ።"

ጋዲሴ ግን በዚያው ቀን አልጠየቀችም። መጋዘኑ ስትደርስ አባ ዳማ ተኝተው ነበር፤ የተኛ ሽማግሌ አይቀሰቀስም። አጠገባቸው ተቀምጣ ጠበቀች። የቢሮው መስኮት ሲዘጋ እዚያው እንደተቀመጠች ነው።

ረቡዕ ማለዳ ፊታቸውን አጥባ፣ አጥሚት አጠጥታ ስታበቃ ተንበረከከች።

"አባ ዳማ፣ ስምዎን ጠይቀውኛል። ካልነገርኳቸው ካርዱን ይወስዱታል፤ መድኃኒቱም ይቀራል። ልጥራው?"

አባ ዳማ አዩዋት። ግራ እጃቸው ተነሳ፤ አየር ላይ ቆመ፤ ወደ ፊቷ የመጣ መሰለና መልሶ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። እሺ ነው? ተይ ነው? ጋዲሴ ከዚያ ወዲህ ያንን እጅ ሺህ ጊዜ አስባዋለች፤ ዛሬም አላወቀችውም።

ቀኑ ማለፉን ታውቃለች። ግን ይህን ያህል የከበደ ነገር ይዛ ሄዳ ዋጋ ያጣል ብላ ማመን አልቻለችም። ሃያ ስድስት ዓመት የተጠበቀ ቃል ሲወጣ ሰው ሁሉ ይሰማዋል፣ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል ብላ አሰበች። አባ ዳማንም ካዩአቸው ይራራሉ አለች። ከውባየሁ ብር ተበድራ ጋሪ ተከራየች፤ ሽማግሌውን በብርድ ልብስ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። የጋሪው ፈረስ ቡላ፣ ጎኑ የተላጠ ነበር፤ አባ ዳማ መንገዱን ሙሉ ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም።

ዝርዝሩ በቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ማንበብ የሚችሉት ለማይችሉት ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ግቢው በስም ተሞልቷል። ጋዲሴ ጋሪውን ከመስኮቱ ፊት ለፊት አስቆመች። በመስኮቱ ከኢዮሲያስ ጋር የማጣሪያው ኃላፊ አቶ በድሉ ተቀምጠዋል፤ ከሦስት ቀን እንቅልፍ ማጣት ዓይናቸው ደም የመሰለ ጎልማሳ ናቸው።

"ጊዜው አልፏል" አሉ ገና ሲያዩአት።

ጋዲሴ ሁለት እጇን የመስኮቱ ደፍ ላይ ጫነች። ወደ ጋሪው አልዞረችም።

"ደቻሳ" አለች። ድምፁ የእሷ አልመስል አላት። "ደቻሳ ሮባ። የአማቴ ስም ደቻሳ ሮባ ነው።"

ከኋላዋ ኦቦ ሌንጂሳ ባርኔጣውን ከራሱ አወረደ። ነገሩ የገባቸው ሁለት ሦስት አሮጊቶች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሌላው ሰው ስም መፈለጉን ቀጠለ። ስሞች እንደ ገበያ በሚጮሁበት ግቢ አንድ ስም ተጨመረ፤ በቃ።

ኢዮሲያስ በጣቱ ወረቀቱን ወረደ። "አለ" አለ ተንፍሶ። "ተራ ቁጥር አርባ ዘጠኝ፣ ደቻሳ ሮባ፣ የቤተሰብ ብዛት ሁለት። 'አልተገኘም' የሚል ምልክት ነው የተደረገበት። አቶ በድሉ፣ እነሱ ናቸው።"

"ግድግዳው ላይም አለ" አሉ አቶ በድሉ።

"እሷ ማንበብ አትችልም እኮ።"

"የሚያነብላት ሞልቷል። ስማ እስቲ!" ወደ ግቢው ጠቆሙ። አንድ ጎረምሳ በዚያው ቅጽበት "አርባ ስምንት... አርባ ዘጠኝ፣ ደቻሳ ሮባ..." እያለ ያነባል። አቶ በድሉ ወደ ጋዲሴ ዞሩ። "እናቴ፣ መጀመሪያ 'አባዳማ አመዩ' ብለሽ አስመዘገብሽ፤ 'ልጃቸው ነኝ' ብለሽ ፈረምሽ። ማክሰኞ ተጠይቀሽ ዝም አልሽ። ዛሬ ከተለጠፈ በኋላ ይህን አመጣሽ። በእኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? ከአንቺ በፊት ለዚሁ ለአርባ ዘጠኝ ሁለት ሰው መጥቶልኛል።"

"ሽማግሌውን እንጠይቃቸው" አለ ኢዮሲያስ። "ስማቸውን ጠርተን..."

"የታመመ ሽማግሌ ለጠሩት ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል።"

ኦቦ ሌንጂሳ ገፍቶ ገባ። "ጌታዬ፣ ይህቺ ሴት ስሙን ያልጠራችው ነውር ስለሆነባት ነው። ልማድ ነው። እኔ እምላለሁ!"

"ከመንደራቸው ነህ?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያ በምን ትምላለህ?" አቶ በድሉ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ድምፃቸው ለሰሰ። "ኦቦ ሌንጂሳ፣ ልማዱን አውቀዋለሁ። እናቴም እንዲሁ ነበረች። ግን ልማድ ወረቀት ላይ አይጻፍልኝም። ከመጡበት ወረዳ አንድ የማረጋገጫ ደብዳቤ ያምጡ፤ በዚያው ቀን እመልሳቸዋለሁ።"

"ከወረዳው?" አለ ኦቦ ሌንጂሳ። "የወረዳው ቢሮ እኮ ተቃጥሏል። ሠራተኞቹ እዚህ እኛው ጋ ስንዴ ይሰለፋሉ!"

አቶ በድሉ ወደ ካርዱ ጠቆሙ። ጋዲሴ ካርዱን ከአንገቷ ፈታች። ኢዮሲያስ ተቀበላትና፣ "ይቅርታ፣ እናቴ፤ ያን ቀን አስተርጓሚ መጥራት ነበረብኝ" አለ። "አንተ ምን አደረግህ፣ ልጄ" አለችው። ማለቷም ከልቧ ነበር። የምትቆጣው ሰው ፈልጋ አጣች፤ ይህም ራሱን የቻለ ድካም ነው።

ወደ ጋሪው ስትዞር አባ ዳማ ፊታቸውን ወደ ወዲያኛው አዙረው ነበር። ሰምተዋል። እንዳልሰሙ ማሰብ አይቻልም፤ አሥር እርምጃ ነው። እስከ መጋዘኑ አንድም ጊዜ ወደ እሷ አልዞሩም። ያን ዕለት ስታጎርሳቸው አፋቸውን አልከፈቱም። በማግሥቱ ከፈቱ፤ ዓይናቸውን ግን ጨፍነው ነበር።

መድኃኒቱ ሐሙስ አለቀ። ውባየሁ ከማኅበሯ አሰባስባ የአንድ ወር ገዛችላቸው። ማኅበርተኞቹም እንደ እሷው ከዕለት ጉርሳቸው የቆረጡ ናቸውና "የሚቀጥለውን እኔ እንጃ፣ ጋዲሴዬ" አለቻት፤ እያለቀሰች። ጋዲሴ እጇን ስማ ተቀበለች። የአንድ ወር ዕድሜ የሰጠ ሰው የሰጠው ትንሽ ነገር አይደለም።

ወሩ ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ስንዴ የሚከፋፈልበት ቀን ደረሰ። ጋዲሴ ሰልፍ የላትም። ግን ሄዳ ከግንቡ ሥር ተቀመጠች። ኦቦ ሌንጂሳ በዚያ ገበያ በሚበትን ድምፁ ተራ ቁጥርና ስም ይጠራል፤ የተጠራው ካርዱን ይዞ ይነሳል። ምናልባት አቶ በድሉ አስበውበት ይሆናል፤ ምናልባት ኢዮሲያስ ለምኖላት ይሆናል፤ እያለች አርባ ስምንተኛውን ስትሰማ ብድግ አለች። ኦቦ ሌንጂሳ ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ።

"ሃምሳ!" አለ።

ጋዲሴ ተመልሳ ተቀመጠች። እስከ መጨረሻው ስም ድረስ ተቀመጠች።

ሁሉም ስንዴውን ተሸክሞ ሳይገባ ደመናው ከጉደር በኩል ጠቁሮ መጣ፤ ያለ ወቅቱ የመጣ ከባድ ደመና ነበር። ሰዉ ከረጢቱን እየጎተተ ሮጠ። "ሮባ! ሮባ መጣ!" እያሉ ሕፃናት ይጮሃሉ። የመጋዘኑ ቆርቆሮ ከአባ ዳማ ፍራሽ በላይ ቀዳዳ ነበረውና ጋዲሴ ሮጣ ገባች። ፍራሹን ከነሽማግሌው ወደ ግድግዳው ጎተተች፤ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች እሳቸው በነበሩበት ቦታ ላይ ወደቁ።

"የሰማይ ውሃ ነው፣ አባ ዳማ" አለች ብርድ ልብሱን እያስተካከለች። "የሰማይ ውሃ መጣ።"

ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት። የግራ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ለማየት ብርሃኑ አይበቃም ነበር። ጋዲሴ ባዶውን የዘይት ጣሳ አምጥታ ከቀዳዳው ሥር አኖረችና፣ ውሃው ሲንጠባጠብ እየሰማች የቀረውን መድኃኒት ቆጠረች። አራት ፍሬ ነበር።